ኦቪ7670 ካሜራ በኤፍፒጂኤ ላይ፦ ዋጋው ቀላል፣ ጣጣው ብዙ

በኤፍፒጂኤ (የውስጡን ዑደት በኮድ የምንቀርጸው ቺፕ) ቦርድ ኤልኢዲ ማብራትና ማጥፋት የሰለቸው ሰው ቀጥሎ የሚያምረው ቪዲዮ ነው። ያን ጊዜ እጁ የሚገባው ካሜራ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ኦቪ7670 ነው። ቺፑ የኦምኒቪዥን ሲሆን 640 በ480 ፒክስል፣ በሰከንድ 30 ፍሬም ያወጣል። ሞጁሉ 18 ፒን አለው፤ አንዱ የ3.3 ቮልት፣ አንዱ የግራውንድ፣ 16ቱ የሲግናል። እንደ ቤሲስ 3 ባለ ቦርድ ላይ ሁለት የፒሞድ ሶኬት (ስምንት ስምንት ሲግናል የሚቀበል የማስፋፊያ መሰኪያ) ልክ ይሞላል። ከዚህ የሚበልጥ ካሜራ ሞልቷል፤ ስምንቱን ቢት ጎን ለጎን አውጥቶ እያንዳንዷን ምልክት ለመለካት የሚመች፣ ያውም በዚህ ዋጋ ግን ብዙም የለም።

ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት አለ። ኤኤል422ቢ የተባለ ሜሞሪ የተለጠፈበት ለአርዱይኖና ለመሰሎቹ ቀርፋፋ ፕሮሰሰሮች የታሰበ ነው፤ ለኤፍፒጂኤ አትግዙት። ሜሞሪው 3 ሜጋቢት ያህል ብቻ ይይዛል፤ አንድ ሙሉ ፍሬም በ16 ቢት ከለር 4.9 ሜጋቢት ይፈልጋል። ከዚያም በላይ የካሜራውን የፒክስል ክሎክ (ዳታው መቼ እንደሚነበብ የሚነግረውን ምት) በቀጥታ እንዳታዩት ይጋርዳችኋል።

ምንም ምስል ካልመጣ ኮዱን ከመነካካት በፊት ሦስት ፒን በመልቲሜትርና በኦሲሎስኮፕ እዩ። የፓወር ዳውን ፒን ከግራውንድ ጋር፣ የሪሴት ፒን ከ3.3 ቮልት ጋር መያያዝ አለባቸው፤ ተንጠልጥለው ከቀሩ ካሜራው አንዴ ይሠራል፣ አንዴ አይሠራም። ሦስተኛው ኤክስ ክሎክ ነው። ሞጁሉ የራሱ ክሎክ የለውም፤ ከ10 እስከ 48 ሜጋኸርዝ ከናንተ ይጠብቃል። የቦርዱን 100 ሜጋኸርዝ ለአራት ከፍላችሁ 25 ብትሰጡት ይበቃዋል። ይህ ክሎክ ከሌለ በኤስሲሲቢ (ካሜራውን በምታዙበት) መስመር ብትጠሩትም አይመልስም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ካሜራው ተቃጥሏል» ብሎ ሌላ ያዛል።

ኤስሲሲቢ የአይቱሲ (ቺፖች በሁለት ሽቦ የሚነጋገሩበት ደንብ) የቅርብ ዘመድ ነው፤ ሁሉ ነገሩ ግን አንድ አይደለም። የመጻፊያ አድራሻው በሄክስ (በ16 መሠረት በሚጻፍ ቁጥር) 42፣ የማንበቢያው 43 ነው። የዳታ መስመሩ ወደ 3.3 ቮልት የሚስብ ሬዚስተር ይፈልጋል፤ ሞጁላችሁ ላይ ከሌለ 4.7 ኪሎ ኦም ጨምሩ። ስታነቡ መጀመሪያ የሬጅስተሩን (የካሜራው ቅንብር የሚቀመጥበትን ቦታ) ቁጥር ጽፋችሁ መስመሩን ዝጉ፣ ከዚያ እንደ አዲስ ጀምራችሁ አንብቡ፤ ሳይዘጋ በድጋሚ ስታርት የሚልክ ዝግጁ የአይቱሲ ኮድ እዚህ ላይ ይወድቃል። ሬጅስተር ሄክስ 0ኤ 76፣ ሄክስ 0ቢ ደግሞ 73 ከመለሱ ካሜራው በሕይወት አለ። ሁልጊዜ ኤፍኤፍ ከመጣ የሚያዋራችሁ የለም፤ የምታነቡት የሬዚስተሩን 3.3 ቮልት ነው።

የሞጁሉ ምርጥ ነገር፣ ሻጮቹ የማያወሩለት፣ በውስጡ ያለው የሙከራ ምስል ነው። ሬጅስተር 71 ላይ ቢ5 ጻፉ፣ 70ን 3ኤ ላይ ተዉት (ከዚህ በኋላም የሬጅስተር ቁጥሮች ሁሉ ሄክስ ናቸው)፤ ስምንት ባለ ቀለም ዓምድ ይመጣል። ዓምዶቹ ጥርት ብለው ከታዩና ክፍሉ ግን ተበላሽቶ ከታየ፣ ችግሩ ሌንስ፣ ብርሃን ወይም የከለር ሬጅስተር ነው። ዓምዶቹም ከተሰባበሩ ወደ ሽቦው፣ ወደ ክሎኩና ወደ መቀበያ ኮዳችሁ ሂዱ። 71ን ወደ 35 መልሳችሁ 70 ላይ ቢኤ ብትጽፉ ደግሞ አንዲት «1» በስምንቱ የዳታ ፒኖች ላይ በተራ ትሄዳለች። በሎጂክ አናላይዘር ስታዩት የተለዋወጡ ሁለት ሽቦዎች ወዲያው ይጋለጣሉ።

ሞጁሉ እውነተኛ ነጥብ የሚጥለው ግራውንዱ ላይ ነው። ለ16 ሲግናል አንድ የግራውንድ ፒን! በ20 ሴንቲ ሜትር ጃምፐር ሽቦ ሲገናኝ የፒክስል ክሎኩ ጠርዝ ይንቀጠቀጣል፤ ኤፍፒጂኤው አንዱን ምት ሁለት አድርጎ ይቆጥረዋል። ስክሪኑ ላይ አንዳንዱ መስመር ወደ ጎን ተንሸራቶ፣ ምስሉ እንደተቀደደ ጨርቅ ይታያል። ይህን በግምት ማሳደድ አያስፈልግም። ኤችሬፍ (አንድ የምስል መስመር ሲላክ ከፍ የሚል ሲግናል) ከፍ ባለ ጊዜ ሁሉ የፒክስል ክሎክ ምቶችን የሚቆጥር ቆጣሪ ሠርታችሁ ውጤቱን በሄክስ ባለ አራት አሃዝ ማሳያው ላይ አውጡ። 640 ፒክስል በሁለት ባይት 1280 ምት ነው፤ ማሳያው 0500 ብሎ ፀጥ ማለት አለበት። 0501፣ 0503 እያለ ከዘለለ ትርፍ ምት እየገባ ነው። 0280 ብሎ ከቆመ ግን ሽቦውን አትውቀሱ፤ ካሜራው በ320 በ240 ወይም በጥሬ ባየር ሁነታ (ለአንድ ፒክስል አንድ ባይት) ላይ ነው።

ለትርፍ ምት መድኃኒቱ በቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦ ጃምፐሩን 10 ሴንቲ ሜትር አድርጉ፤ የግራውንድ ሽቦውን ከፒክስል ክሎኩ ጋር ጠምዝዙት፤ ሬጅስተር 09 ላይ 00 ጽፋችሁ የካሜራውን የመውጫ ጉልበት ዝቅ አድርጉ፤ በኤፍፒጂኤው በኩልም የኤክስ ክሎክ ፒንን 4 ሚሊአምፔርና ዝግ ያለ ጠርዝ ላይ አውርዱ። አሁንም ካልሰከነ፣ ካሜራው አጠገብ ፒክስል ክሎኩ ላይ ከ33 እስከ 100 ኦም ሬዚስተር በተከታታይ አስገቡ። ዳታው የሚለወጠው ክሎኩ ሲወርድ ስለሆነ ማንበብ ያለባችሁ ሲወጣ ነው።

ቪቫዶ (ኮዱን ለኤፍፒጂኤው የሚያዘጋጀው ሶፍትዌር) የ30-574 ስህተት ካወጣ ፒክስል ክሎኩ ክሎክ ለመቀበል ባልተሠራ ፒን ላይ ገብቷል ማለት ነው። ስህተቱን ወደ ማስጠንቀቂያ የሚያወርደው ትእዛዝ በ24 ሜጋኸርዝ ብዙ ጊዜ ያሻግራል፤ ነገር ግን ኮዱ በተሠራ ቁጥር የመዘግየቱ መጠን ሊለያይ ስለሚችል ትናንት የሠራው ዛሬ ሊያስቸግር ይችላል። ከተቻለ ፒኑን ለውጡ፤ ካልተቻለ ፒክስል ክሎኩን እንደ ተራ ሲግናል በ100 ሜጋኸርዝ አንብቡት።

ከለሩ አረንጓዴና ሐምራዊ ከሆነ ካሜራው ዋይዩቪ (ብርሃንና ቀለም ተለይተው) እየላከ እናንተ አርጂቢ (ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ) ብላችሁ እያነበባችሁ ነው። ሬጅስተር 12 ላይ 04፣ 40 ላይ ዲ0 ጻፉ። ከነሱ ቀድሞ በ12 ላይ 80 ጽፋችሁ ሪሴት ካደረጋችሁ ቢያንስ 1 ሚሊሰከንድ ጠብቁ፤ ያለዚያ ቀጣዩ ጽሑፍ ሊጠፋ ይችላል። ሬጅስተር ቢ0 ደግሞ 84 ይፈልጋል። ዳታሺቱ «የተያዘ» ብሎ ያልፈዋል፤ ሳይጻፍ ሲቀር ግን ከለሩ አይስተካከልም። ለዚህ ሰነድ ይቅርታ ማድረግ ይከብዳል። ቦርዱ በተነሳ ቁጥር ከለሩ የሚለዋወጥ ከሆነ የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን ባይት የሚለየው ፍሊፕፍሎፕ (አንድ ቢት የሚይዝ ዑደት) ኤችሬፍ ሲወርድ ወደ ዜሮ አልተመለሰም።

ሜሞሪውንም ቀድማችሁ አስሉ። የቤሲስ 3 ቺፕ ውስጥ 1,800 ኪሎቢት ብሎክ ራም አለ፤ ሙሉ ፍሬም በ12 ቢት 3,686,400 ቢት ስለሆነ አይገባም። 320 በ240 ግን 921,600 ቢት ነው፤ ተመችቶት ይቀመጣል። በአንድ በኩል በፒክስል ክሎክ ጽፋችሁ በሌላው በኩል ለሞኒተሩ በ25 ሜጋኸርዝ አንብቡ።

ምስሉ ደብዛዛ ብቻ ከሆነ ሌንሱን በጣት አዙሩት። ይኼ የሲግናል ችግር አይደለም።

ቪዲዮ እንዴት እንደሚፈስ መማር ለሚፈልግና ለመመረቂያ ፕሮጀክት ይህ ሞጁል ይመከራል፤ በማታ ብርሃን ጥሩ ምስል ለሚፈልግ አይሆንም። ቦርዱ የኤምአይፒአይ (ፈጣን የካሜራ መስመር) ካሜራ ሶኬት ካለው፣ እንደ ዚቦ ዚ7፣ ባለ 5 ሜጋፒክስሉን ኦቪ5640 የያዘው ፒካም 5ሲ የተሻለ ምርጫ ነው፤ ዋጋውም ኮዱም ግን ከፍ ይላል። ኦቪ7670ን ከውጭ የምታስመጡ ሁለት እዘዙ፤ አንዱን በሌላው መፈተሽ ትችላላችሁ። የሞጁሉ ፒን ወንድ፣ የፒሞዱ ሶኬት ሴት ስለሆነ አብራችሁ የምታዙት ጃምፐር ወንድ-ሴት፣ 10 ሴንቲ ሜትር ይሁን።