ለኬሚስትሪ ዲግሪ ስንት ብድር ይበቃል? ሦስት መንገዶች ጎን ለጎን

ባለፈው ሚያዝያ ጎረቤቴ ከኮሌጆች የመጡ ሦስት የገንዘብ እርዳታ ደብዳቤዎች ይዞ ቤቴ መጣ። ልጁ እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያደገ ነው፤ ኬሚስትሪ መማር ይፈልጋል። አባትየው አንዱን ደብዳቤ ለይቶ «ይኼኛው ብዙ ረድቶናል» አለኝ። መስመር በመስመር አብረን ወረድን። ከ«እርዳታው» ሁሉ ትልቁ ቁጥር ፓረንት ፕላስ የሚባለው የፌዴራል የወላጅ ብድር ነበር። ይህ ስጦታ አይደለም። አባት በራሱ ስም ፈርሞ የሚበደረው ነው፤ ልጁ ሥራ ቢያገኝም ባያገኝም ዕዳው የአባት ነው።

አሜሪካ ያለን ሐበሾች ለልጅ ትምህርት ከተባለ እጃችን አይሰስትም። ለዚህ ነው ከመፈረማችን በፊት ቁጥሩን ማየት ያለብን።

ከደሞዙ እንነሳ

የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ እንደሚለው፣ በሜይ 2024 የኬሚስቶች መካከለኛ የዓመት ደሞዝ 84 ሺህ ዶላር አካባቢ ነበር። ግማሹ ከዚያ በላይ፣ ግማሹ ከዚያ በታች ያገኛል ማለት ነው። እዚያ ውስጥ ግን 20 ዓመት የሠራም፣ ፒኤችዲ የያዘም አለ። አዲስ ተመራቂ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በላብ ቴክኒሻንነት ወይም በመድኃኒት ጥራት ቁጥጥር ነው፤ አንዳንዴም በኮንትራት። የኬሚካል ቴክኒሻኖች መካከለኛ ደሞዝ 57 ሺህ አካባቢ ነው። ብድር ስታሰሉ ይህችን ቁጥር ያዙ። ሜሪላንድ ውስጥ ከታክስ በኋላ በወር 3 ሺህ 600 ዶላር ገደማ እጅ ላይ ትቀራለች። የቤት ኪራይ የሚወጣው ከዚያ ላይ ነው።

ኬሚካል ኢንጂነሪንግ ሌላ ዲግሪ ነው፤ መካከለኛ ደሞዙ ከ110 ሺህ ዶላር ይበልጣል። ብዙ ወላጅ ሁለቱን አንድ አድርጎ ያስባል። ልጁ ልቡ ለሁለት ከተከፈለ በመጀመሪያው ዓመት ይወስን። ዘግይቶ መቀየር ተጨማሪ ዓመት፣ ተጨማሪ ብድር ነው።

ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ወደ ስቴት ዩኒቨርሲቲ

የእኛው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት የሚያስተምር)፣ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ፣ ለካውንቲው ነዋሪ የሚያስከፍለው በዓመት ከ6 ሺህ ዶላር በታች ነው። ሙሉ ፔል ግራንት (ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰብ የሚሰጥ፣ የማይመለስ የፌዴራል እርዳታ) ደግሞ 7,395 ዶላር ነው። ቤተሰቡ ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል እርዳታ ማመልከቻ ሞልቶ ሙሉውን ካገኘ ክፍያው ተሸፍኖ ለመጽሐፍ ይተርፋል። ልጁ ቤት እያደረ ሁለት ዓመት ያለ ብድር ይማራል። ከዚያ ለሦስተኛና ለአራተኛ ዓመት በስሙ 15 ሺህ ቢበደር፣ በ2025–26ቱ 6.39 በመቶ ወለድ ለ10 ዓመት በወር 170 ዶላር ገደማ ይከፍላል።

ኬሚስትሪ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ኮርሶቹ እንደ ሰንሰለት የተያያዙ ናቸው። ብዙ ቦታ ጄኔራል ኬሚስትሪ አንድ እና ሁለት ሳያልቁ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ አይጀመርም። ካልኩለስና ፊዚክስ የሌለው ፊዚካል ኬሚስትሪ አይገባም። በመጀመሪያው ሴሚስተር ጄኔራል ኬሚስትሪ ያልያዘ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ አንድ ዓመት ወደኋላ ሊቀር ይችላል፤ ያ ዓመት ያጠራቀመውን ሁሉ ይበላበታል። ስለዚህ ገና ሲመዘገብ የሚዛወርበትን ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ክፍል «ኦርጋኒኩን ከነላቡ ትቀበላላችሁ ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱን በኢሜል ይያዝ።

ቀጥታ ስቴት ዩኒቨርሲቲ

ኮሌጅ ፓርክ ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ለስቴቱ ነዋሪ ክፍያው በዓመት ከ11 ሺህ ዶላር በላይ ነው፤ ዶርምና ምግብ ሲጨመር ከእጥፍ ያልፋል። ወላጅ የሚረዳው ተማሪ በራሱ ስም ከፌዴራል የሚበደረው ጣሪያ አለው፦ 5,500፣ 6,500፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ 7,500። በአራት ዓመት 27 ሺህ። ወርሃዊ ክፍያው 305 ዶላር ገደማ ይመጣል። ከ57 ሺህ ደሞዝ ላይ ይቆነጥጣል፤ ይቻላል ግን። የሚገዛውም ነገር አለ፦ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ፕሮፌሰር ላብ ውስጥ የመሥራት ዕድል። ልጁ ተመራማሪ መሆን ከፈለገ ለዚህኛው እጄን አወጣለሁ።

ውድ የግል ወይም የሌላ ስቴት ዩኒቨርሲቲ

ስኮላርሺፑ ሰፊ ከሆነ በደስታ ይሂድ። ካልሆነ ልዩነቱን የሚሞላው ፓረንት ፕላስ ነው። ለ2025–26 ወለዱ 8.94 በመቶ ነው። 60 ሺህ የተበደረ ወላጅ ለ10 ዓመት በወር 760 ዶላር ገደማ ይከፍላል። የልጁ 305 ሲደመር ከ1 ሺህ ዶላር ያልፋል። ይህ ሁሉ ለምን? ላብ ውስጥ ቀጣሪው የሚጠይቀው ኤችፒኤልሲ ማሽን (የተቀላቀሉ ኬሚካሎችን ለይቶ የሚለካ መሣሪያ) ማሠራት ትችላለህ ወይ ብሎ ነው። የፌዴራል መንግሥትም ለኬሚስትነት ሲቀጥር የሚቆጥረው ክሬዲት ነው፦ 30 የኬሚስትሪ፣ ቢያንስ 6 የፊዚክስ፣ ከካልኩለስ ጋር። የትኛውም ደህና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ይህን ያሟላል።

ፒኤችዲ ለሚያስብ ደግሞ ደስ የሚል ነገር አለ። እዚህ አገር የኬሚስትሪ ፒኤችዲ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የትምህርት ክፍያ አይከፍልም፤ እንዲያውም አበል ይቆረጥለታል። ታዋቂውን ስም ከፈለገ ያኔ ያገኘዋል፣ ያለ ዕዳ። ፋርማሲና ሕክምና ላሰበ ልጅ ግን ዋናው ዕዳ ገና ከፊቱ ነው፤ ለመጀመሪያ ዲግሪ መቆጠብ ይበልጥ የሚያስፈልገው እሱ ነው።

የትምህርት ሚኒስቴሩ «ኮሌጅ ስኮርካርድ» የሚባል ነጻ ድረ ገጽ አለው። የዩኒቨርሲቲውን ስም ጻፉ፣ ኬሚስትሪን ምረጡ፤ የተመራቂዎቹን ገቢና ዕዳ ያሳያችኋል። ገቢው ላይ አሁንም ትምህርት ላይ ያሉት አይቆጠሩም። ዕዳውም የተማሪው ብቻ ነው፤ የወላጅ ብድር ለብቻው ተቀምጧል። ያንንም ከፍታችሁ እዩ።