ከጠመንጃው በፊት መነጽሩ፦ ባለ 8×42 የሩቅ ማያ መነጽር ከ16 ወር በኋላ

መነጽሩን የእህቴ ልጅ ከዱባይ ያመጣልኝ በመስከረም 2017 ነው። ዛሬ ጥር 2018 ላይ ሆኜ ሳየው አውራ ጣቴ የሚያርፍበት ጎማ ልሟል፣ ማንገቻው ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፣ የቀኙ የዓይን ማረፊያም በብስክሌት የውስጥ ጎማ ቁራጭ ታስሯል። መስተዋቱ ግን እንደ መጀመሪያው ቀን ጥርት ያለ ነው። ዝናብ፣ ውርጭ፣ የፈረስ ጀርባና አንድ ጊዜም ወንዝ አይቷል።

ግምገማ የሚያነብ ሰው ገምጋሚው ዕቃውን የት እንዳዋለው ማወቅ አለበትና ስለ ራሴ ጥቂት ልበል። ዕድሜዬ 57 ነው። ከሃያ ዓመት በላይ በባሌና በአርሲ ተራሮች ፈቃድ ካላቸው አዳኞች ጋር ዱካ ፈላጊና መንገድ መሪ ሆኜ ሠርቻለሁ። አሁን አብዛኛውን ጊዜ የማጅበው ወፍና ቀይ ቀበሮ ለማየት የሚመጡ እንግዶችን ሲሆን በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ደግሞ ከአዳኝ ጋር እወጣለሁ። ያደግሁት ግዳይ በሚፎከርበት ቤት ነው። አባቴ ቤልጅግ የሚባል አሮጌ ጠመንጃ ነበረው፤ ግድግዳው ላይ በክብር ይሰቀላል፣ በየሳምንቱ በዘይት ይወለወላል። መነጽር የሚባል ነገር ግን በቤታችን አልነበረም። አባቴ ደህና ዓይን ያለው ሰው መስተዋት አያስፈልገውም ብሎ ያምን ነበር። ስለ ጫካ የማውቀውን አብዛኛውን የተማርኩት ከእርሱ ነው፤ በዚህ አንድ ነገር ግን ተሳስቶ ነበር።

በመጀመሪያ ቁጥሮቹን ላስረዳ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ስምንቱ የማቅረቢያ ኃይሉ ነው፦ 400 ሜትር ርቆ የቆመ አጋዘን 50 ሜትር ላይ እንዳለ ሆኖ ይታያል። 42 ደግሞ የፊተኛው መስተዋት ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 42 ለ8 ሲካፈል 5.25 ይሆናል፤ ይህ ከመነጽሩ ወጥቶ ወደ ዓይን የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋት ነው። ለአዳኝ ከሁሉም ቁጥሮች የሚበልጠው ይህ ነው። የወጣት ሰው ብሌን በጨለማ እስከ 7 ሚሊ ሜትር ይከፈታል፤ ዕድሜ ሲገፋ እየጠበበ ይሄዳልና በእኔ ዕድሜ 5 ገደማ ቢሆን ነው። ስለዚህ ባለ 8×56 ግዙፉን መነጽር ብሸከም ትርፉ ብርሃን ዓይኔ ውስጥ አይገባም፤ የሚተርፈኝ ክብደቱ ብቻ ነው። ባለ 10×42 ብይዝ ደግሞ ክቡ ወደ 4.2 ይወርድና ምሽት ላይ ቀድሞ ይጨልምብኛል። በዚያ ላይ የእጅ መንቀጥቀጥም አብሮ ይጎላል። 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ዳገት ወጥቶ ትንፋሹ ያልተመለሰ ሰው አሥር እጥፍ በሚያቀርብ መነጽር የሚያየው የራሱን የልብ ምት ነው። ሻጮች "ብዙ የሚያቀርብ ይሻላል" ሲሏችሁ አትስሙ።

ይህ ሒሳብ ሜዳ ላይ ምን ማለት እንደሆነ ያየሁት ባለፈው ዓመት ታኅሣሥ ጋይሳይ ላይ ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት ከሩብ ሆኗል፤ ፀሐይ ጠልቃለች። ከኮሶው ዛፎች ጥግ አንድ ጥቁር እንስሳ ወጥቶ ቆመ። ከእኔ ጋር የነበረው ልጅ ቀደም ሲል እንግዳ ትቶለት የሄደውን ባለ 10×25 ትንሽ መነጽር አንስቶ "ድኩላ ነው" አለ። እውነትም በዚያ መነጽር ስመለከተው ቀንድ ያለው ጥቁር ጥላ ብቻ ነበር። በአዲሱ ሳየው ግን በሁለቱ ዓይኖች መካከል ያለው ነጭ ምልክት፣ የጉንጩ ነጠብጣቦች፣ ከጉሮሮው በታች ያለው ነጭ ጠጉር አንድ በአንድ ወጣ። ቀንዱ ተጠምዝዞ ወደ ውጭ ከፈት ብሏል፤ የቀኙ ጫፍ ተፍቆ ደንዝዟል። በዕድሜ የገፋ የደጋ አጋዘን ወንድ ነበር። ወንዱ እያረጀ ሲሄድ ቡናማ ጠጉሩ እየጠቆረ ወደ ከሰል ግራጫ ይለወጣል፤ በዚህ የተነሳ ከሩቅና በምሽት የምኒልክ ድኩላ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ልጁ መነጽሬን ተቀብሎ ሲያይ ለረጅም ጊዜ ምንም አልተናገረም። ከዚያ በኋላ ቢያንስ አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል በዚያ ብርሃን ስናየው ቆየን።

ጋይሳይ በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ስለሆነ እዚያ አደን የለም፤ ይህን የምጽፈው ማንም እንዳይሳሳት ነው። ሕጋዊ አደን የሚካሄደው ለአደን በተከለሉ ቀበሌዎች፣ በፈቃድና በኮታ ብቻ ነው። እዚያም ቢሆን ለአደን የሚፈለገው ዕድሜው የገፋ ወንድ ነው። የደጋ አጋዘን በዓለም ላይ ከእነዚህ የኢትዮጵያ ተራሮች በስተቀር የትም የለም፤ ሳይንስም ያወቀው በቅርቡ፣ እ.ኤ.አ. በ1910 ነው። እንዲህ ያለውን እንስሳ ወጣቱን ከሽማግሌው ሳይለይ ምላጭ የሚስብ ሰው አዳኝ ተብሎ ሊጠራ አይገባውም። ዕድሜውን የሚለየው ደግሞ ጠመንጃ ሳይሆን መነጽር ነው።

"ጠመንጃው ራሱ መነጽር አለው እኮ" የሚል ሰው ስላለ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት አንድ እንግዳ ይዘን አስታ በሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ውስጥ ስንሄድ 200 ሜትር ያህል ርቀት ላይ ጥቁር ነገር ተንቀሳቀሰ። እንግዳው ጠመንጃውን አቀባብሎ ማነጣጠሪያ መነጽሩ ላይ ዓይኑን አሳረፈ፤ ሊያይ ብቻ ፈልጎ ነው። እኔ የያዝኩት አሮጌ መነጽር ነበር፤ አንዱ ዓይኑ የደበዘዘ ነው። በደህናው በኩል ሳይ ጥቁር ብርድ ልብስ የተከናነበ እረኛ ልጅ ነው። አፈሙዙን ይዤ ወደ መሬት ገፋሁት። ልጁ ምንም ሳያውቅ በጎቹን እየነዳ ሄደ። የልጁ ዕድሜ ከስምንት አይበልጥም። ማነጣጠሪያ መነጽር የሚያገለግለው የሚተኮስበት ነገር ምን እንደሆነ ከታወቀ በኋላ ነው። ሳያውቁ በእርሱ የሚፈልጉ ሁሉ አፈሙዙን ወደማያውቁት ነገር ያዞራሉ። ጠመንጃ የሚገዛ ወጣት ሲያማክረኝ መጀመሪያ የምጠይቀው መነጽር እንዳለው ነው።

ወደ ዕቃው ልመለስ። ባሌ ተራሮች አናት ባለው ሳነቴ አምባ ላይ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ባለው ከፍታ፣ በታኅሣሥና በጥር ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ነው የሚነጋው። መነጽሩን ከቀዝቃዛው ድንኳን አውጥቼ ሙቅ መኪና ውስጥ ስገባ ላዩ ጉም ይለብሳል፤ ይህ የሁሉም መነጽር ጠባይ ነው፤ በደቂቃዎች ውስጥ ይለቃል። ልዩነቱ ከውስጥ ነው። ይህኛው በናይትሮጅን የተሞላና የታሸገ ስለሆነ ውስጡ አንድም ጊዜ አልጨለመም። የቀድሞው መነጽሬ ክረምት ሲገባ ውስጡ ጉም ይይዝና እስከ ረፋድ ድረስ ዋጋ አይኖረውም ነበር፤ በመጨረሻም ሻጋታ በልቶት ተጣለ።

የውኃው ፈተና ሳላስበው የመጣ ነው። በዕረፍት ቀኔ ፈቃድ አውጥቼ ወይብ ወንዝ ላይ ትራውት አጠምዳለሁ። ዓሣው ከኬንያ መጥቶ በባሌ ወንዞች ውስጥ የተለቀቀ ነው፤ ቀዝቃዛና ፈጣን ውኃ ይወዳል። ሐምሌ ውስጥ አንዱን ትልቅ ዓሣ ወደ ዳር እየሳብኩ ሳለ ድንጋዩ አዳለጠኝና እስከ ደረቴ ገባሁ። መነጽሩ አንገቴ ላይ ነበር። ዓሣውን አጣሁት፤ መነጽሩ ግን በጨርቅ ከተጠረገ በኋላ ምንም አልሆነም፤ እስከ ዛሬም ውስጡ እርጥበት የለም። ለዓሣ አጥማጅ ግን ይህ መነጽር ትልቅ ጥቅም የለውም። ከሩቅ ሆኖ ውኃው ላይ የሚታየውን ክብ ማዕበል፣ ማለትም ዓሣው ነፍሳት ሊለቅም የወጣበትን ቦታ ለማየት ጥሩ ነው። ከውኃው በታች ያለውን ለማየት ግን የውኃውን ነጸብራቅ የሚያጠፋው የፀሐይ መነጽር ይበልጠዋል፤ ዋጋውም ከዚህ ጋር አይወዳደርም።

አሁን ጉድለቱን ልናገር። የፊተኛው መስተዋት ክዳኖች በሁለተኛው ሳምንት ወድቀው ጠፉ። ማንገቻው ቀጭን በመሆኑ ከሁለት ሰዓት በኋላ አንገት ይቆርጣል፤ በሰፊ የቆዳ ማንገቻ ተክቼው እርሱ ሲበጠስ ደግሞ አሁን ያለውን በሁለት ትከሻ የሚታነገተውን አሠራሁ። በፈረስ ለሚሄድ ሰው ይህኛው ግዴታ ነው፤ አለበለዚያ መነጽሩ በየእርምጃው ደረት ይደበድባል። በአምስተኛው ወር የቀኙ የዓይን ማረፊያ ላላና መነጽሩን ባነሳሁ ቁጥር ይሰምጥ ጀመር። የእህቴ ልጅ ለሻጩ ሁለት ጊዜ ጻፈ፤ ዋስትናው ወረቀት ላይ እያለ መልስ የሰጠን የለም። ለዚህ ነው በውስጥ ጎማ ያሰርኩት። ምስሉን የሚያጠራው መዘውር ደግሞ ሳነቴ ላይ በማለዳ ይደድራል፤ ቅባቱ በብርድ ስለሚጠጥር ነው፤ ጋቢ ውስጥ አስገብቶ ትንሽ ማሞቅ ይበቃል። ከሁሉም ያናደደኝ የቀኝ ዓይን ማስተካከያው ቀለበት ነው። መቆለፊያ ስለሌለው ከቦርሳ በወጣ ቁጥር ተንሸራትቶ ይገኛል። እኔ ትክክለኛው ቦታ ላይ በነጭ የጥፍር ቀለም ነጥብ አድርጌበታለሁ፤ እናንተም በመጀመሪያው ቀን አድርጉት።

የምስሉ ዳር ዳሩ ጥቂት ይደበዝዛል። ብሩህ ሰማይ ላይ የሚበር ንስር ክንፉ ዙሪያ ወይን ጠጅ ጠርዝ ይታይበታል። ወፍ የሚቆጥር ሰው ይህ ያስከፋው ይሆናል፤ ለእኔ ሥራ ግን ምንም አላጎደለብኝም።

አጸዳዱን በተመለከተ ጠበቅ አድርጌ የምናገረው አለኝ፤ አገራችን ላይ መነጽር የሚገድለው ከመውደቅ ይልቅ ጠራጊው ነው። የበጋ አቧራ ደቃቅ አሸዋ አለበት። በነጠላ ጫፍ ወይም በሸሚዝ እጅጌ ሲጠረግ ያ አሸዋ መስተዋቱ ላይ ያለውን ስስ ሽፋን ይፍቀዋል። መጀመሪያ አቧራውን በደረቁ እፍ በሉት፣ ቀጥሎ በለስላሳ ብሩሽ አራግፉት፣ ንጹሕ ጨርቅ የሚነካው በመጨረሻ ነው። ምራቅ አትጠቀሙ። ክረምት ላይ በቆዳ ከረጢቱ ዘግታችሁ አታስቀምጡት፤ አየር የሚያገኝበት ደረቅ ቦታ ይሰቀል።

መነጽሩ ያሳየኝን ሁሉ ግን በደስታ አልተቀበልኩትም። በግንቦት ወይብ ሸለቆ ላይ ከአንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ሁለት ውሾች አንድ ቀይ ቀበሮ ፍልፈል የሚጠብቅበት ጉድጓድ ዘንድ ሲሯሯጡ አየሁ። በባዶ ዓይን ቢሆን ሦስቱም ቀበሮ መስለውኝ ባለፍኩ ነበር። አደን የጀመርኩት በውሻ ነው፤ ጅግራ የሚያስነሳ፣ ከርከሮ የሚያቆም ውሻ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው አውቃለሁ፤ ጥሩ ውሻ የቤተሰብ አካል ነው። ነገር ግን የእብድ ውሻ በሽታን ወደ ቀበሮው የሚያደርሰው ውሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991፣ በ2003፣ በ2008 እና በ2014 የተነሱት ወረርሽኞች ባሌ ውስጥ ብዙ ቀበሮ ፈጅተዋል፤ በዓለም የቀረው አዋቂ ቀይ ቀበሮ ደግሞ ከ500 ያንሳል። ያን ቀን ለጥበቃዎቹ ወዲያው ነግሬ ውሾቹ እስኪባረሩ ድረስ በመነጽሩ ተከተልኳቸው። የእኔ ቡቺ በየዓመቱ ይከተባል፤ ወደ ተራራም አይወጣም። ሮቤ ላይ በር ይጠብቃል።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ይህ ቢጠፋ መልሼ እገዛው እንደሆነ ነው። ያንኑ 8×42 እገዛለሁ፤ የምመርጠው ግን የቀኝ ዓይን ቀለበቱ የሚቆለፈውንና ዋስትናውን የሚያከብር ሻጭ ያለውን ነው። ገንዘቡ ውስን የሆነ አዳኝ ከጠመንጃው ዋጋ ቀንሶ መነጽሩ ላይ ቢጨምር ይሻለዋል። አሮጌ ጠመንጃ በንጽህና ከተያዘ በትክክል ይተኩሳል፤ ርካሽ መነጽር ግን በምሽት ይዋሻል።

ባለፈው ኅዳር አርሲ ላይ ከአንድ ፈቃድ ካለው አዳኝ ጋር ስድስተኛ ቀናችን ነበር። በመጨረሻ ከአሜጃው ቁጥቋጦ መካከል አንድ ወንድ አጋዘን ብቅ አለ፤ እንግዳው ድንጋዩ ላይ ተደግፎ ተዘጋጀ። መነጽሩን ለወጣቱ ዱካ ፈላጊ ሰጠሁት። ክርኖቹን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ፣ ትንፋሹን ይዞ ረዘም ላለ ጊዜ አየ።

"ጋሼ፣ ጠጉሩ ገና ቡናማ ነው፤ የቀንዱም ጫፍ አልተፋቀም" አለኝ በሹክሹክታ። "ሁለት ሦስት ዓመት ይቀረዋል።"

ተቀብዬ አየሁት። ልክ ነበር። ለእንግዳው በእጄ ምልክት ሰጠሁት፤ ጥይቱን አወጣ። አጋዘኑ ጆሮውን ወደ እኛ አዙሮ ጥቂት ቆመና ቅጠል መልቀሙን ቀጠለ። ብርሃኑ እስኪያልቅ ድረስ መነጽሩን ለሦስታችን እየተቀባበልን አየነውና ወደ ካምፕ ወረድን።