ታይሰን ወይስ ፎርማን?

የ1988ቱን ማይክ ታይሰን ከ1973ቱ ጆርጅ ፎርማን ጋር (ዘመኑ በፈረንጆቹ ነው) አንድ የቦክስ ሪንግ ውስጥ ብናስገባቸው ማን ይዘረራል? ብዙ ሰው ሳያቅማማ ለታይሰን ይፈርዳል።

ምክንያት አለው። ታይሰን በ20 ዓመቱ ሻምፒዮን ሆነ። ማይክል ስፒንክስን የጨረሰው በ91 ሰከንድ ነው። ጭንቅላቱን ግራና ቀኝ እያወዛወዘ ጎንበስ ብሎ ይገባል። ጎን ይመታል፤ ወዲያው በአፐርከት (ከታች ወደ ላይ በሚወረወር ቡጢ) አገጭ ያነሳል። በፍጥነት ፎርማን አጠገቡም አይደርስ።

እኔ ግን ከፎርማን ጋር ነኝ። ጆ ፍሬዘርን አስታውሱ። እሱም አጠር ያለ፣ እሱም ጎንበስ ብሎ የሚገፋ ነበር። ጃማይካ፣ ኪንግስተን ላይ በፎርማን ቡጢ በሁለት ዙር ስድስት ጊዜ ወደቀ! ፎርማን ሁለት እጁን ዘርግቶ የተጋጣሚውን ትከሻ ገፋ ያደርገዋል፣ ርቀት ያገኛል፣ ከዚያ ያንን ከባድ ቡጢ ከታች ያመጣዋል። 1 ሜትር ከ78 ለሆነው ታይሰን ይህ ፈጽሞ አይመችም።

እርግጥ ፍሬዘር ቀስ ብሎ ነበር የሚሞቀው፤ ታይሰን ግን ከደወሉ ጀምሮ እሳት ነው። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ለፎርማን ጭንቅ ናቸው። ዙሩ ከበዛም ትንፋሽ ያጥረዋል፤ በ1974 ኪንሻሳ ላይ መሐመድ አሊ በስምንተኛው ዙር የዘረረው አድክሞ ነው። ይህኛው ግጥሚያ ግን እዚያ የሚደርስ አይመስለኝም። ፎርማን፣ በሦስተኛው ዙር።