የቴሌቪዥን ገመድ በወጥ ቤት ግድግዳ፦ የትኛውን ገመድ እንግዛ፣ በየት በኩል እናሳልፈው?

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ባለው ቤታችን ሳሎኑና ወጥ ቤቱ አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። ከዲሹ ወደ ቴሌቪዥኑ የሚወስደው አጭሩ መንገድ ከምጣዱ ጀርባ ያልፋል። ገመዱን በዚያው በኩል ልስን ውስጥ ቀበርነው፤ ዓመት ሳይሞላው ግማሾቹ ጣቢያዎች ጠፉ። ልስኑን ስናፈርስ ላስቲኩ ጠቁሮ፣ ውስጡ ያለው ነጭ አረፋ ተጨፍልቆ አገኘነው። ጥፋቱ ከመንገዱም ከገመዱም ነበር።

ከገመዱ ልጀምር። ገበያ ላይ በብዛት የሚቀርቡት አርጂ-59 እና አርጂ-6 ናቸው። ሁለቱም 75 ኦም ስለሆኑ ነጋዴው «ሁሉም አንድ ነው ወንድሜ» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን አርጂ-59 ቀጭን ነው፤ ለካሜራ ይሆናል፣ ለዲሽ ግን ሲግናል ያባክናል። ለዲሽ አርጂ-6 ይግዙ።

ዋናው ማታለያ ያለው መሐል ሽቦው ላይ ነው። አንዱ ንጹሕ መዳብ፣ ሌላው መዳብ የተቀባ ብረት ነው፤ በዓይን አይለዩም። ማግኔት ይዘው ይሂዱ፤ ከተሳበ ብረት ነው። ብረቱ ለአጭር ርቀት ይሠራል። ሪሲቨሩ ግን በዚያው ገመድ ወደ ኤልኤንቢው (ዲሹ ፊት ለፊት ወደሚታሰረው ሲግናል ተቀባይ) 13 ወይም 18 ቮልት ይልካል፤ ገመዱ ሲረዝም ብረቱ ቮልቱን ይበላና 18 የሚፈልጉት ጣቢያዎች ተለይተው ይጠፋሉ። ያኔ ሰው ዲሹ ዞሯል ብሎ ጣሪያ ላይ ይወጣል።

ብዙዎች የሚፈሩት ማይክሮዌቩን ነው። እሱ የሚሠራው በ2450 ሜጋኸርዝ አካባቢ ሲሆን በዲሽ ገመድ ውስጥ የሚያልፈው ሲግናል ግን ከ950 እስከ 2150 ነው፤ አይገናኙም። የሚያስፈራው ምጣዱ ነው። 3500 ዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል፤ ግድግዳውን ያግላል፣ የራሱም የመብራት ሽቦ እዚያው ያልፋል።

ወደ መንገዱ ስንመጣ ልስን ውስጥ በቀጥታ መቅበር ርካሽ ነው፤ ሲበላሽ ግን ግድግዳ ያስፈርሳል። በፕላስቲክ ቱቦ ማሳለፍ ትንሽ ወጪ ቢጨምርም ገመዱን ስቦ መቀየር ያስችላል፤ የእኔ ምርጫ ይህ ነው። ቱቦው ለብቻው ይሁን። የመብራት ሽቦ አብሮት ገብቶ አንድ ቀን ቢላጥ 220 ቮልት ሪሲቨሩ ድረስ ይመጣል። ጎን ለጎን ሲሄዱ ቢያንስ 20 ሴንቲሜትር ይራራቁ፤ መሻገር ግድ ከሆነ ቀጥ ብለው ይቋረጡ። ከምጣዱና ከፍሪጁ ጀርባ ጨርሶ አይለፍ።

በኮርኒስ ላይ ማሳለፍ ቀላል ነው። ሆኖም በእኛ ከተማ ቆርቆሮው ቀትር ላይ ስለሚግል ገመዱ ቆርቆሮውን እንዳይነካ ማሰር ያስፈልጋል። በውጭ ግድግዳ ከሆነ ጥቁር ላስቲክ ያለውን ይምረጡ፤ ነጩን ፀሐይ ቶሎ ይሰነጣጥቀዋል።

ሐረር ጁገል ውስጥ ላሉ ነባር ቤቶች ምክሬ ሌላ ነው። የድንጋይ ግድግዳው ወፍራም ነው፤ ግንቡና ከተማው ደግሞ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገቡ የዓለም ቅርስ ናቸው። እዚያ መሮ ከማንሳት ይልቅ በመስኮት ጠርዝ አስገብቶ በግድግዳው ላይ በፕላስቲክ መሸፈኛ መውሰድ ይሻላል።

እኛ በመጨረሻ በሌላኛው ግድግዳ ዞረን 6 ሜትር ገመድ ጨመርን። ቱቦው ውስጥም ለሚቀጥለው ገመድ መሳቢያ የሚሆን ሲባጎ ትተንበታል።