ለሎክና ለሙላት ወንዝ የትኛው ጀልባ? ናሮውቦት፣ ክሩዘር ወይስ የሆላንድ ባርጅ

እንግሊዝ አገር ውስጥ የመዝናኛ ጀልባ ለመግዛት የሚዞር ሰው መጀመሪያ የሚያየው አልጋውን፣ ማብሰያውንና ዋጋውን ነው። ክፋት የለውም። ሐሳባችሁ ግን ከቦዩ፣ ማለትም ከሰው ሠራሹ የጀልባ መንገድ፣ ወጥቶ የቴምዝን ወይም የትሬንትን ወንዝ መሞከር ከሆነ ከዚያ በፊት የሚጠየቁ ሁለት ነገሮች አሉ። ይሄ ጀልባ በምፈልጋቸው ሎኮች ውስጥ ያልፋል ወይ? ከመጨረሻው ሎክ ወጥቶ የባሕሩ ጉልበት ሲያገኘውስ ይቋቋማል ወይ? ለሁለቱም እኩል የሚመች ጀልባ እኔ አላውቅም። አንዱን ስታጠብቁ ሌላው ይላላል።

ለአዲስ ሰው ባጭሩ፦ ሎክ በሁለት በሮች መካከል ያለ የውሃ ክፍል ነው። ጀልባው ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ ውሃው ሲጨመር ጀልባው ከፍ ይላል፣ ሲለቀቅ ዝቅ ይላል። የሙላት ወንዝ የምለው ደግሞ ባሕር የሚገባበትን ወንዝ ነው። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ያህል ሞልቶ ወንዙን ሽቅብ ይገፋዋል፣ ከዚያ መልሶ ይሸሻል። ቴምዝ ላይ ይሄ እስከ ቴዲንግተን ሎክ ይደርሳል፣ ትሬንት ላይ ደግሞ እስከ ክሮምዌል ሎክ። ሴቨርን አፍ አካባቢ፣ አቨንማውዝ ላይ፣ በትልቁ ሙላት ጊዜ ውሃው ከፍና ዝቅ የሚልበት ልዩነት ወደ 14 ሜትር ይጠጋል። አራት ፎቅ ቤት ማለት ነው።

የማነጻጽራቸው ሦስት ናቸው፤ ረጅምና ቀጭን የብረት ናሮውቦት፣ ቀላል የፋይበርግላስ ክሩዘር፣ እና ሰፊው የሆላንድ ባርጅ።

ስፋት

እዚህ ላይ ክርክር የለም። በመካከለኛው እንግሊዝ ያሉት ጠባብ ሎኮች ስፋታቸው 2.13 ሜትር አካባቢ ነው። ናሮውቦት 2.08 ሜትር ስለሆነ ይገባል፤ በየጎኑ የሚተርፈው ሁለት ጣት አይሞላም። ሦስት ሜትር ስፋት ያለው ክሩዘር ግን በሩ ላይ ይቀራል። ባርጅ በብዛት ከሦስት ሜትር ተኩል በላይ ስለሆነ እሱም ሰፊ ሎኮችን ብቻ ነው የሚጠቀመው፤ እነሱ 4.27 ሜትር ገደማ ናቸው።

ርዝመትንም አትርሱ። ሻጮች 17.4 ሜትር የሆነውን ናሮውቦት "የትም ይሄዳል" የሚሉት በባዶ ሜዳ አይደለም። ሰሜን ላይ ያለው ካልደርና ሄብል የተባለው የውሃ መንገድ ሎኮቹ አጫጭር ናቸው፤ ልኩ የመጣው ከነሱ ነው። 21 ሜትሩን ከገዛችሁ ሰፊ ሳሎን ታገኛላችሁ፣ ሰሜኑን ግን በብዛት ታጣላችሁ።

ጉልበትና ሰዓት

17 ሜትር የሚሆን ናሮውቦት ሞተሩን አስጨንቆ ቢሄድ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ቢያደርግ ነው። መሀል ለንደን ላይ በጠንካራ ሽሽት ጊዜ ቴምዝ በሰዓት እስከ 7 ኪሎ ሜትር ሊፈስ ይችላል። ሽሽቱን ተቃውማችሁ ብትወጡ የሚተርፋችሁ 3 ኪሎ ሜትር ነው፤ የእግረኛ እርምጃ እንኳ አይሆንም። ከሙላቱ ጋር ስትወጡ ግን ያው ውሃ ይሸከማችኋል። ስለዚህ የናሮውቦት ባለቤት ለሰዓት ባሪያ ነው። ምሥራቅ ለንደን ካለው ላይምሃውስ ሎክ ቴምዝ ላይ ወጥቶ ምዕራብ ለንደን፣ ብሬንትፎርድ ላይ ወደ ቦዩ መመለስ ለሚፈልግ ደግሞ ሌላ ገደብ አለ፤ ብሬንትፎርድ ያለው የቴምዝ ሎክ የሚያስተናግደው ከሙላቱ ጫፍ በፊትና በኋላ ሁለት ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ካመለጣችሁ ውሃ ላይ ትቀራላችሁ።

ክሩዘር እዚህ ይሻላል። ቀላል ነው፣ ቶሎ ይነሳል፣ ስሌታችሁ ትንሽ ቢዛነፍ ይታረማል። ግን በፍጥነቱ ተማርካችሁ ትልቅ ሞተር ያለውን አትግዙ። ቦይ ላይ የሚፈቀደው በሰዓት 6.4 ኪሎ ሜትር ነው። ከቴዲንግተን በላይ ባለው ቴምዝ 8 ኪሎ ሜትር፤ ከዋንድስዎርዝ ድልድይ ወደ ላይ ባለው የሙላት ክፍል ደግሞ 8 ኖት፣ ማለትም 15 ኪሎ ሜትር ገደማ። የቀረው የፈረስ ጉልበት ነዳጅ ከመጠጣት በቀር ሥራ የለውም። ባርጁ ከባድ ነው፣ ሞተሩም እንደዚያው ትልቅ ነው። ሳይቸኩል ይሄዳል፣ ፈሳሹም እንደ ልቡ አያንገላታውም።

ከላይምሃውስ ሎክ ሲወጣ

የሦስቱ ልዩነት አንድ ቦታ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል ከተባለ እዚህ ነው። በሩ ይከፈታል፣ ናሮውቦቱ ቀስ ብሎ ይወጣል። አፍንጫው ወንዙ ውስጥ ገብቶ ጭራው ገና የግንቡ መከታ ውስጥ ነው። ወንዙ አፍንጫውን ይዞ ወደ ጎን ይገፋል፤ ከኋላ ያለው ክፍል ግን ጸጥ ባለ ውሃ ላይ ስለሆነ አይከተልም። 17 ሜትር ብረት መሽከርከር ይጀምራል። የሚያድነው ሳያመነቱ ሞተሩን ጨምሮ ጭራውን ቶሎ ከግንቡ ማውጣት ነው። እጁ የሚፈራ ሰው ጋዙን ይቀንሳል፣ ያኔ ጭራው ከግንቡ ጋር ይላተማል። ዘጠኝ ሜትር ክሩዘር በአንድ ትንፋሽ ስለሚወጣ ይሄን ጣጣ ብዙም አያውቀውም። ባርጅም ረጅም ነው፣ ግን ብዙዎቹ አፍንጫቸው ላይ ወደ ጎን የሚገፋ ትንሽ ፕሮፔለር አላቸው። ናሮውቦት ላይም ይገጠማል፤ ለቦይ ብቻ ቅንጦት ነው እላለሁ፣ ለሙላት ወንዝ ግን ይጠቅማል።

ሎክ ውስጥ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ክሩዘር ቀጭን ግድግዳ አለው። 18 ቶን ናሮውቦት አጠገቡ ገብቶ ቢደገፍበት የሚሰነጠቀው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው። ጥሩ የጎማ መከላከያ ያስፈልገዋል፣ ሎክ ስትጋሩም እሱ ኋላ ቢገባ ይመረጣል።

ከውሃ ምን ያህል ከፍ ይላል?

ናሮውቦት ለጸጥተኛ ውሃ የተሠራ ነው። የሞተር ክፍሉ የአየር ቀዳዳዎች፣ የፊተኛው በረንዳ ውሃ ማፍሰሻዎች፣ አንዳንዴም የጭስ ማውጫው ከውሃው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ይላሉ። መሀል ለንደን ላይ ፈጣን የመንገደኛ ጀልባ ሲያልፍ የሚያስነሳው ማዕበል ግንቡን መትቶ ይመለሳል፣ ከሁለት አቅጣጫ ይመጣል። ስለዚህ ለማየት ስትሄዱ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ዝቅተኛውን ቀዳዳ ፈልጋችሁ ለኩ፤ ለጉዞው ቀን በቀላሉ ይደፈን እንደሆነም ጠይቁ።

ወረቀቱ ላይ የሚያደናግር ነገር አለ። በአውሮፓ የመዝናኛ ጀልባ ደንብ ጀልባዎች ከኤ እስከ ዲ ይመደባሉ። ኤ ውቅያኖስ ነው፣ ዲ የተከለለ ውሃ፤ ዲ ማለት እስከ 0.3 ሜትር ማዕበልና እስከ 4 ደረጃ ነፋስ ነው። ናሮውቦት አብዛኛውን ጊዜ ዲ ነው። ብሪታንያ የውስጥ ውሃዎቿን የምትመድብበት ሌላ ኤ እስከ ዲ ደግሞ አለ፤ እሱ ተገላቢጦሽ ነው። እዚያ ኤ ጠባብ ቦይ ነው፣ ሲ ማዕበሉ እስከ 1.2 ሜትር ሊደርስ የሚችል የሙላት ወንዝ፣ ዲ ከዚያም የባሰ። "ጀልባዬ ዲ ነው፣ ውሃውም ዲ ነው" ብሎ መሄድ አደጋ ነው። ለባሕር ዳርቻ የታሰበ ክሩዘር ብዙ ጊዜ በጀልባው ምድብ ሲ ነው፣ አንዳንድ አዳዲስ ባርጆች ቢ ይደርሳሉ። በዚህ መለኪያ ናሮውቦት የመጨረሻው ነው፤ ረጋ ያለ ቀን መርጦ መውጣት አለበት።

ሞተሩና ናፍጣው

ገዢ በብዛት የሚዘነጋው ይሄንን ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ አስቀድመዋለሁ።

ቦይ ላይ ለዓመታት በዝግታ የሄደ ጀልባ የናፍጣ ታንኩ ሥር ውሃና ጥቁር አተላ ያጠራቅማል። ውሃው ካልተናወጠ ማንም አያውቀውም። የሙላት ወንዝ ላይ ማዕበሉ ታንኩን ሲያናውጠው አተላው ይነሳል፣ ፊልትሮውን ይደፍናል፣ ሞተሩ ይጠፋል። የሚጠፋው ደግሞ በጣም በምትፈልጉት ሰዓት ነው። መመርመሩ ቀላል ነው። ሻጩ ከታንኩ ሥር ግማሽ ሊትር ያህል በመስታወት ማሰሮ እንዲቀዳላችሁ ጠይቁ። ትንሽ ይቀመጥ። ጥሩ ከሆነ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ንጹሕ ናፍጣ ታያላችሁ። ከሥር ውሃ ከለየ ወይም ጥቁር ልፋጭ ከተንሳፈፈ ታንኩ መታጠብ አለበት፤ ወጪውን ከዋጋው ላይ አስቀንሱ።

ማቀዝቀዣው ላይም ሦስቱ ይለያያሉ። ናሮውቦት ከጎኑ ብረት ጋር የተበየደ ገንዳ አለው፤ የሞተሩ ውሃ እዚያ ዞሮ በወንዙ ይቀዘቅዛል። ከውጭ ምንም ስለማይስብ ጭቃ አይነካውም። ችግሩ ገንዳው ካነሰ ነው። ቦይ ላይ አይታወቅም፣ ቴምዝ ላይ አንድ ሰዓት ሲገፋ ሞተሩ ያፈላል። ለ40 የፈረስ ጉልበት ሞተር ከውጭ ውሃ ጋር የሚገናኘው የገንዳው ፊት 0.9 ካሬ ሜትር ያህል ሊሆን ይገባል። ባርጅም ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። ክሩዘር ግን በብዛት የወንዙን ውሃ ራሱን ይስባል። የታችኛው ትሬንት ውሃ ደለል የበዛበት ነው፤ ማጣሪያውን ይሞላል፣ የፓምፑን የላስቲክ ክንፍ ይበላል። ትርፍ ክንፍ ሁልጊዜ ጀልባው ላይ ይኑር። ክሩዘሩ የቤንዚን ከሆነ ደግሞ ውሃ ዳር ቤንዚን የሚሸጥበት ቦታ እንደ ናፍጣ በቀላሉ እንደማይገኝ እወቁ።

መልሕቅና ሬዲዮ

ሞተር ሲጠፋ ፍሬናችሁ መልሕቅ ነው። ናሮውቦት ብዙ ጊዜ ያለ መልሕቅ ይሸጣል፣ ወይም ዝገት የበላው ትንሽ ነገር ሳጥን ውስጥ ተጥሎ ይገኛል። ለክብደቱ የሚመጥን፣ ከሰንሰለትና ከረጅም ገመድ ጋር፣ ወዲያው ለመጣል አፍንጫው ላይ ተዘጋጅቶ መቀመጥ አለበት። ቴምዝ የሙላት ክፍል ላይ 13.7 ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ጀልባ ቪኤችኤፍ ሬዲዮ (የጀልባ መነጋገሪያ ሬዲዮ) የመያዝ ግዴታ አለበት። ስለዚህ ረጅሙ ናሮውቦትና ባርጁ የሬዲዮና የፈቃድ ወጪ ይጨመርባቸዋል፤ አጭሩ ክሩዘር አይገደድም፣ ቢይዝ ግን እመክራለሁ። ኢንሹራንሳችሁም የሙላት ወንዝን ይሸፍን እንደሆነ ሳትገዙ ጠይቁ።

እንግዲህ የትኛው?

አብዛኛውን ዓመት ቦይ ላይ ለምታሳልፉና ሙላት ወንዝን ለመሻገሪያ ብቻ ለምትፈልጉ 17.4 ሜትሩን ናሮውቦት ግዙ እላለሁ። ጉድለቱ በዝግጅት ይሸፈናል። በሌሎቹ ግን ጠባብ ሎክ በምንም ዝግጅት አይታለፍም። ቅዳሜና እሁድ ቴምዝ ወይም ትሬንት ላይ ወጣ ብላችሁ የምትመለሱ ከሆነ የናፍጣ ክሩዘር ይበቃችኋል። ባርጅ ውሃ ላይ ለሚኖርና ሰፊ ወንዝ ለሚወድ ነው፤ ምቾቱ ወደር የለውም፣ የማሰሪያ ቦታ ማግኘቱ ግን ቀላል አይደለም።

የብረት ጀልባ ከሆነ ከውሃ አስወጥታችሁ ገለልተኛ መርማሪ የብረቱን ውፍረት ሳይለካ ገንዘብ አትክፈሉ። የናሮውቦት የተለመደው የአዲስ ልክ ወለሉ 10፣ ጎኑ 6፣ የቤቱ ግድግዳ 4 ሚሊ ሜትር ነው። በፈተናው ጉዞ ላይ ደግሞ ሰፊ ወንዝ ላይ ሞተሩን ከጉልበቱ ሦስት አራተኛ ድረስ ጨምራችሁ አንድ ሰዓት ንዱት፣ ዓይናችሁንም ከሙቀት መለኪያው ላይ አታንሱ። ሻጩ ለዚህ ፈቃደኛ ካልሆነ ሌላ ጀልባ ፈልጉ።