አሮጌ መስታወት፦ ማስለበጥ፣ መስታወቱን ብቻ መለወጥ ወይስ ከነክፈፉ አዲስ መግዛት?

ባለፈው ጥቅምት የአክስቴን የግድግዳ መስታወት አሳድሼ ከሰቀልሁት ወዲህ፣ ጠርዙ የጠቆረና ክፈፉ የላላ አሮጌ መስታወት በቤቱ ያለው ጎረቤትና የሥራ ባልደረባ ሁሉ ያንኑ ጥያቄ ይዞ ይመጣል፦ «ስንት ፈጀብህ? በዚያ ዋጋ አዲሱን አትገዛም ነበር?» ለእያንዳንዱ ደጋግሜ ከምተርክ፣ እዚህ ባሕር ዳር ያሉንን ሦስት ምርጫዎች ከነዋጋቸው ጽፌ ማስቀመጡን መረጥሁ። አንደኛው የአሮጌውን መስታወት ጀርባ እንደገና በብር ማስለበጥ፣ ሁለተኛው አሮጌውን ክፈፍ ጠግኖ አዲስ መስታወት ማስገባት፣ ሦስተኛው ደግሞ ከነክፈፉ አዲስ መግዛት ነው። የማደላው ለሁለተኛው መሆኑን አልደብቅም፤ ያደላሁትም በአንደኛው እኔ፣ በሦስተኛው እኅቴ ገንዘባችንን ከከሰርን በኋላ ነው።

መስታወቱ ወርዱ 60፣ ቁመቱ 90 ሳንቲ ሜትር ነው። የአክስቴ ባል በ1950ዎቹ በተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ይሠሩ በነበረበት ዘመን በከተማው አናጺ ያሠሩት ሲሆን፣ ክፈፉ ወጥ ዋንዛ ነው፤ በላዩ ላይ የተፈለፈለ አበባ አለው፤ ከጀርባው አናጺው በእርሳስ የጻፈው ልኬት እስከ ዛሬ ይነበባል። ወደ ሐይቁ በሚያየው ግድግዳ ላይ ለብዙ ክረምት ተሰቅሎ ስለኖረ የታችኛው ጠርዙ ሦስት ጣት ያህል ጠቁሯል፤ የክፈፉም ሁለት ማዕዘኖች ተላቅቀዋል።

ሰው ይህን ሲያይ «መስታወቱ ዛገ» ይላል። በእርግጥ የሚበላሸው ከብርጭቆው ጀርባ ያለው የብር ልባጭ ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት ዩስቱስ ፎን ሊቢሽ በ1835 (እ.ኤ.አ.) ካገኘው ዘዴ ወዲህ፣ መስታወት በአብዛኛው የሚሠራው ከብር ጨው ውስጥ ብሩን አውጥቶ በብርጭቆ ላይ በማስያዝ ነው፤ ይህም ልባጭ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር አሥር ሺህኛ እጅ ገደማ ብቻ ስለሆነ ከኋላው በቀለም ይሸፈናል። ቀለሙ የማይደርስበት የተቆረጠው ጠርዝ ብቻ ነው። እርጥበት የሚገባውም በዚያው ነው፤ የምንወለውልበት ውኃ ደግሞ ወርዶ የሚጠራቀመው ከታች ክፈፉ ውስጥ ስለሆነ፣ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚጠቁረው የታችኛው ጠርዝ ነው። በረኪና የነካው ጨርቅ ከሆነማ ጥቂት ወራት ይበቁታል።

ወደ መጀመሪያው ምርጫ ልግባ። «ብር እናስለብጣለን» ያለኝ አንድ ቤት ለዚህ መስታወትና ለትንሹ የኮመዲኖ መስታወት በአንድ ላይ 6,000 ብር ጠይቆኝ 1,500 ብር ቀብድ ከፈልሁ። ደግነቱ፣ ለሙከራ ብዬ አስቀድሜ የሰጠሁት ትንሹን ነበር። ከሦስት ሳምንት ምልልስ በኋላ ስሄድ፣ አሮጌው ልባጭ በምላጭ ተፍቆ፣ በምትኩ ለመኪና ቸርኬ የሚረጨው ብርማ ቀለም ከጀርባው ተረጭቶበት አገኘሁት። ፊቴን ባየሁበት ጊዜ በጠዋት ጭጋግ ውስጥ ታንኳ ላይ የቆመ ሰው መሰልሁ። የሚረጭ ቀለም ብርሃኑን ስለሚበትነው ግራጫ ገጽ ይሰጥ እንደሆነ ነው እንጂ መልክ አያሳይም። ትክክለኛው ሥራ ብርጭቆውን ቅንጣት ቅባት እስከማይቀርበት ድረስ ማጠብን፣ በብር ናይትሬት ማስለበጥን፣ ከዚያም በመከላከያ ቀለም መሸፈንን ይጠይቃል፤ የኬሚካሉ ዋጋም ሆነ ጥንቃቄው የመንገድ ዳር ሱቅ ሥራ አይደለም። ያም ሆኖ በብርጭቆው ፊት ላይ ያለ ጭረት እንዳለ ይቀራል። ማስለበጥ የሚፈልግ ሰው ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ባለሙያው ከዚህ ቀደም የሠራውን መስታወት ያስወጣና ጋዜጣ ያሳየው፤ ትንንሾቹ ፊደላት ጥርት ብለው ካልታዩ ቀለም ነው። ቀብዴ እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

ሦስተኛውን ምርጫ የሞከረችው እኅቴ ናት። የዛሬ ዓመት ከፋሲካ በፊት፣ ባለ ወርቃማ ክፈፍ መስታወት በ5,200 ብር ገዛች። ሻጩ «የጣሊያን ነው፣ እንጨቱም ወጥ ነው» ብሏታል። ቤት ሲደርስ ያነሣነው በአንድ እጅ ነበር፤ ያኔ መጠርጠር ነበረብን። ክረምቱ ሳያልቅ ጠርዙ ጠቆረ፤ አንዱ ማዕዘንም ተከፈተ። ለአናጺ ስናሳየው በጣቱ ጫን ብሎ አየና «ልጄ፣ ይህ እኮ ምስማር አይይዝም» አላት። ክፈፉ ወርቃማ ቀለም የተቀባ፣ የዕቃ ማሸጊያ ፎም ዓይነት ፕላስቲክ ነበር። መስታወቱም ባለ 3 ሚሊ ሜትር ሆኖ ወጣ ገባ በሆነ ካርቶን ላይ ስለተጣበቀ ፊትን ወደ ጎን ይለጥጣል። ማስጠገኛው 1,800 ብር ፈጀ፤ በጠቅላላው 7,000 ብር መሆኑ ነው። በዚያ ላይ ጠጋኙ አዲሱን መስታወት ያጣበቀበት ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት ሲሊኮን ስለነበር፣ አሲዱ ልባጩን በልቶ ከኋላ ሲሊኮኑ በተሰመረበት በኩል ከፊት ጥቁር መስመር ወጣ። ለመስታወት የሚሆነው ሽታው ኮምጣጤ ያልሆነው ዓይነት ብቻ ነው።

አዲስ ለመግዛት የቆረጠ ሰው ቢያንስ ይህን ያድርግ። መርፌ አግሎ የክፈፉን ጀርባ ይንካ፤ ፕላስቲክ ከሆነ ይቀልጥና ይሸታል፣ እንጨት ግን ይጠቁራል እንጂ አይቀልጥም። ሻጩ እሺ ካላለ ማዕዘኑን ገልብጦ ይመልከት፤ የተፈጨ እንጨት ተጨምቆ የተሠራው ኤምዲኤፍ ቀለም ያልነካው ቦታ ላይ ደረቅ ካርቶን ይመስላል፤ የእንጨት ጅማት አይታይበትም፤ ውኃ ሲነካውም ያብጣል። ለጣና ዳር ክረምት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ራሴ ምርጫ ልምጣ፤ ሒሳቡንም ሳልደብቅ ላስቀምጥ። ባለ 4 ሚሊ ሜትር መልክ ማያ መስታወት በካሬ ሜትር 2,400 ብር ገዛሁ፤ የእኔው 0.54 ካሬ ስለሆነ 1,296 ብር ሆነ። ጠርዙን ለማስሞረድ 200፣ ማዕዘኖቹን ፈትቶ መልሶ ለማጣበቅ 900፣ የተሰበረውን የአበባ ቅጠል ለማስተካከል 700፣ ለቫርኒሽ፣ ለአኳራጅ (ቫርኒሹን ማቅጠኛ) እና ለብርጭቆ ወረቀት 450፣ ለጀርባ ኮምፔንሳቶ (ስስ የተነባበረ ጣውላ) 380፣ ለሽቦና ለብሎን 150 ብር ከፈልሁ። ድምሩ 4,076 ብር ነው። የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ረግቶ ስለማይቆይ፣ የመስታወቱ መስመር በእርስዎ ቀን ሊለወጥ ይችላል፤ የአናጺው ጉልበት ግን ብዙም አይርቅም። ሦስት ሱቅ ሳይጠይቁ አይግዙ፤ በአንድ መንገድ ላይ በካሬ የ350 ብር ልዩነት አግኝቻለሁ። ሲጠይቁም «መስታወት» ብቻ ካሉ የመስኮቱን ዋጋ ይነግሩዎትና ሲከፍሉ ጭቅጭቅ ይመጣል።

ስለ ውፍረት ብዙ ሰው «ወፍራሙ ይሻላል» ብሎ ባለ 6ቱን ያዝዛል። ብርጭቆ በካሬ ሜትር ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ውፍረት 2.5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የእኔው በ4 ሚሊ ሜትር 5.4 ኪሎ፣ በ6 ሚሊ ሜትር ደግሞ 8.1 ኪሎ መሆኑ ነው፤ ያን ሁሉ የሚሸከሙት የአሮጌው ክፈፍ የታችኞቹ ሁለት ማዕዘኖች ናቸው። ባለ 3ቱ ደግሞ በዚህ ስፋት ይለመጣል። ለዚህ መጠን 4 ይበቃል። ልኬቱን ከክፈፉ የውስጥ ጎድጎድ ሦስት ቦታ ወስደው ከትንሹ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ይቀንሱ፤ እንጨት በክረምት ያብጣልና መስታወቱን አጥብቆ ከያዘው ይሰነጥቀዋል።

ከሁሉ የተደሰትሁት በክፈፉ ሥራ ነው። ሽማግሌው አናጺ በመጀመሪያ የዛጉትን ምስማሮች አወጣ፤ ከዚያም በፈላ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ማዕዘኖቹ ላይ አሳርፎ ጠበቀ። አሮጌው ማጣበቂያ ከከብት ቆዳ የተሠራ ኮላ ስለነበር በሙቀቱ ለሰለሰና አራቱም እንጨቶች ሳይሰበሩ ተላቀቁ። በዛሬው ነጭ ኮላ ቢጣበቅ ኖሮ እንዲህ በቀላሉ አይፈታም ነበር። መልሶ ሲገጥመው ዙሪያውን በገመድ አሰረና በአራቱም ጎን ገመዱ ውስጥ ዱላ አስገብቶ እየጠመዘዘ ማዕዘኖቹን አጠበቀ፤ እንደዚያው አንድ ሌሊት አደረ። ለጎደለው ቅጠል ደግሞ የማር ሰም በእጁ አለስልሶ በጤናማው ቅጠል ላይ ተጫነና ቅርጹን ወሰደ፤ በሰሙ ውስጥ ጄሶ በኮላ ለውሶ ሞላ፤ ሲደርቅ አውጥቶ ለጥፎ ዋንዛ ዋንዛ እንዲመስል ቀባው። ቅርብ ሆነው ካልፈለጉት አይለይም። የመጨረሻው ልባስ ቫርኒሽ በስሱ ሁለት ጊዜ ነው፤ ብርጭቆ ወረቀቱ ሻካራ ከሆነ ግን የተፈለፈለውን ቅርጽ ያጠፋዋልና ልስልሱን ይግዙ።

አዲሱ መስታወት ከመግባቱ በፊት የተቆረጠውን ጠርዝ በቀጭን ብሩሽ ቫርኒሽ ቀባሁት። የፈጀው ግማሽ ሰዓት ነው፤ ቆራጩ ስቆብኛል፤ የእኅቴ መስታወት አንድ ክረምት ሳያልፍ ሲጠቁር የእኔው ግን እስካሁን ነጥብ አላወጣም። ሲሰቀል ከታች በኩል ሁለት የጎማ ቁራጭ ጀርባው ላይ ለጥፌ ከግድግዳው አንድ ሳንቲ ሜትር አራቅሁት፤ በሐምሌ የብሎኬቱ ግድግዳ ሲያልበው አየር እንዲያልፍበት ነው። ስወለውልም የምረጨው በመስታወቱ ላይ ሳይሆን በጨርቁ ላይ ነው።

ይህን ምክሬን የማይከተል ሁለት ዓይነት መስታወት አለ። ክፈፉ በእውነተኛ ወርቅ ቅጠል የተለበጠ ከሆነ የወርቅ ቀለም አያስቀቡት፤ ያ ቀለም የነሐስ ዱቄት ስለሆነ ውሎ አድሮ ቡናማ ይሆናል፣ አሮጌው ወርቅም በውኃ ሊለቅቅ ስለሚችል አያጥቡት። ሁለተኛው፣ ነጭ ወረቀት ሲያስጠጉት ምስሉ ሰማያዊ ቢጤ ግራጫ የሚሆንና ከጀርባው ቀለም የሌለው በጣም አሮጌ መስታወት ነው። ልባጩ የቆርቆሮና የሜርኩሪ ቅልቅል ሊሆን ስለሚችል በምንም ምክንያት አያስፍቁት።

የአሮጌውን መስታወት ነገር ደግሞ አይርሱ። ቆራጩ «ይህን ምን ታደርገዋለህ፣ 200 ብር ልስጥህ» ብሎኝ ነበር። የክፈፉ ጎድጎድ ጥልቀቱ 12 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ አሮጌውን በመካከል ወረቀት አድርጌ ከአዲሱ ኋላ መልሼ አስገባሁትና ኮምፔንሳቶውን በላዩ መታሁት። ስለ ክብደት የመከርሁትን ራሴ መጣሴ ነው፤ ክብደቱ ስለጨመረም ሽቦውን ድርብ አደረግሁ። አክስቴ መስታወቱን ባየች ቁጥር ጣቷን ፊቱ ላይ ታደርግና «ያኛው ከኋላ አለ?» ትለኛለች።