አንቲቫይረስ አጥፍተው ኦፊስ ከሚጭኑ ሱቆች ተጠንቀቁ

ላፕቶፕ ሲገዛ ወይም ሲያስጠግን «ዊንዶውስና ኦፊስ ሙሉውን በጥቂት መቶ ብር ጭነን አክቲቬት እናደርግልዎታለን» ያልተባለ ሰው ጥቂት ነው። ዋጋው ስለሚማርክ ብዙዎቻችን ምን እንደሚጫንልን ሳንጠይቅ ከፍለን እንወጣለን።

በቅርቡ አንድ የማውቀው የሒሳብ ባለሙያ እንዲህ ያስጫነበትን ላፕቶፕ እንዳይለት ሰጠኝ። የዳውንሎድ ፎልደሩ ውስጥ በይለፍ ቃል የተቆለፈ ራር (የታመቀ) ፋይል፣ ከጎኑም «ይለፍ ቃሉ 1234 ነው» የሚል አጭር ማስታወሻ ተቀምጧል። ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣውን አንቲቫይረስ፣ የዲፌንደርን ሴቲንግ ስከፍት ደግሞ ከፍተሻ ነፃ እንዲሆኑ በተመዘገቡት ቦታዎች መካከል ሲ ድራይቭ በሙሉ ገብቶ አገኘሁት። አንቲቫይረሱ የሚሠራ ይመስላል እንጂ ዊንዶውሱ ራሱ የተጫነበትን ዲስክ እንዳያይ ተደርጓል ማለት ነው። ባለሱቁ ሲጠየቅ «ክራኩን (ያለ ክፍያ አክቲቬት ማድረጊያውን) ቫይረስ ነው እያለ ስለሚያጠፋብን ነው» አለ።

መልሱ ከፊል እውነት ስላለው ነው ብዙ ሰው የሚታለለው። ማይክሮሶፍት እንደ ኬኤምኤስ ፒኮ ያሉትን አክቲቬት ማድረጊያዎች በጠለፋ መሣሪያነት ስለሚመድባቸው፣ ሌላ ተንኮል ያልተጨመረበት ቅጂ እንኳን ማስጠንቀቂያ ያስነሣል። ስለዚህ የመረጃ ሌባ (ይለፍ ቃልና መሰል መረጃ የሚሰርቅ ፕሮግራም) የተደበቀበት ቅጂ ሲመጣም ማስጠንቀቂያው በዚያው ሰበብ ይታለፋል። ይለፍ ቃሉም ቢሆን ትርጉም አለው፤ አንቲቫይረስ የተቆለፈውን ፋይል ከፍቶ እንዳይመረምር ያግዳል።

ስቶፕ ወይም ዴጃቩ የተባለው ፋይል ቆላፊ ቫይረስ ለዓመታት የተሠራጨው በዋናነት በእንዲህ ዓይነት ክራኮች ነው። ሰነዱንና ፎቶውን ሁሉ ከቆለፈ በኋላ 980 ዶላር፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ለሚያነጋግረው ደግሞ 490 ዶላር ይጠይቅ ነበር። ኤምሲሶፍት የተባለው የደኅንነት ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ነፃ መፍቻ ቢያወጣም አብዛኞቹን አዳዲስ ዝርያዎች አይፈታም። ከቫይረሱ ጋር ብዙ ጊዜ እንደ ቪዳርና ሬድላይን ያሉ የመረጃ ሌቦች አብረው ይገቡ ነበር፤ እነዚህ ብራውዘር ያስቀመጣቸውን ይለፍ ቃሎች ብቻ ሳይሆን በኮምፒውተሩ ላይ የተከፈተውን ቴሌግራም ጭምር ይወስዳሉ። ሌባው እንደ እናንተ ሆኖ ለወዳጆቻችሁ «ብር ላኩልኝ» ሲጽፍ ኮድ እንኳን ላይጠየቅ ይችላል።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት አንቲቫይረሱ ይጠፋ እንደሆነ ጠይቁ፤ «አዎ» ከተባላችሁ ትታችሁ ውጡ። ላፕቶፑን ከተረከባችሁ በኋላ ደግሞ በዲፌንደር ከፍተሻ ነፃ የተደረጉትን ቦታዎች ዝርዝር እዚያው ሱቁ ውስጥ ከፍታችሁ እዩ። የተጠራጠራችሁትን ፋይል ሳትከፍቱ ቫይረስ ቶታል በተባለው፣ ፋይልን በብዙ አንቲቫይረሶች በሚፈትሽ ድረ ገጽ ላይ ማስመርመር ይቻላል፤ ሆኖም ምንም አልተገኘበትም ማለት ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። እዚያ የሚጫን ፋይል ለሌሎች የደኅንነት ድርጅቶች ስለሚጋራም ውልም ሆነ የመታወቂያ ቅጂ አታስገቡ።

ፋይሉ አስቀድሞ ተከፍቶ ከሆነ ኢንተርኔቱን ቁረጡ፤ የኢሜይልና የባንክ ይለፍ ቃላችሁን በዚያው ላፕቶፕ ሳይሆን በሌላ ንጹሕ መሣሪያ ቀይሩ፤ ከስልካችሁም የቴሌግራም ሴቲንግ ገብታችሁ በሌሎች መሣሪያዎች ላይ የተከፈተውን ሁሉ ዝጉ። ሰነዶቻችሁን ብቻ ቀድታችሁ፣ የፕሮግራም ፋይሎችን ግን ሳትቀዱ፣ ከማይክሮሶፍት ገጽ ወርዶ ፍላሽ ላይ በተጫነ ዊንዶውስ ላፕቶፑን ፎርማት አድርጉ። ይህን ሥራ ለዚያው ሱቅ መልሶ መስጠት ያው ክራክ ተመልሶ እንዲጫን መፍቀድ ነው። ለደብዳቤና ለሠንጠረዥ ሥራ ሊብሬኦፊስ ያለ ክፍያ ይወርዳል፤ አክቲቬት ያልተደረገ ዊንዶውስም ጥግ ላይ ጽሑፍ ከማሳየትና አንዳንድ የገጽታ ምርጫዎችን ከመከልከል በቀር ሥራውን ይሠራል።